በአሮጌ ጂፕ ላይ በሞተር ሳቢነት የሚሠራውን የዝናብ መጥረጊያ ስለ መግጠም

ክረምት ሲቃረብ ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን ይመረምራል፤ ማረሻውን ለቀጥቃጭ ይሰጣል፤ የጎተራውን ክዳን ያድሳል። በማኅበሩ ወይም በቤተሰቡ አሮጌ ጂፕ ያለው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው ጎማውንና ዘይቱን ብቻ ነው። የፊት መስተዋቱ የዝናብ መጥረጊያ የሚታወሰው ሐምሌ ገብቶ፥ ዘርና ማዳበሪያ ተጭኖ፥ ከበስተኋላም ሰው ተሳፍሮ፥ ዳገቱ መካከል ላይ ዶፍ ሲወርድ ነው። በዚያ ሰዓት መጥረጊያው መስተዋቱ መካከል ላይ ቆሞ ቢቀር አሽከርካሪው ገደሉን ከመንገዱ ለይቶ አያይም። ስለዚህ ከዚህ በታች የተገለጸው ሥራ በግንቦት ወር፥ በደረቅ ቀን፥ ሳይቸኩሉ የሚሠራ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መጥረጊያ ሳይሆን ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ቫኪዩም የሚንቀሳቀሰውን ነው። በዊሊስ ጂፕ ላይ የሚገኘው ይኸው ዓይነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደር የተሠራው ጂፕ መጥረጊያው በእጅ የሚገፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ለእርሻና ለሲቪል ሥራ ታስቦ ለገበያ የወጣው ሲጄ-2ኤ የተባለው ጂፕ ግን በአሽከርካሪው በኩል በቫኪዩም የሚሠራ መጥረጊያ ተደረገለት፤ በተሳፋሪው በኩል ያለው እንደ ቀድሞው በእጅ የሚገፋ ሆኖ ቀረ። የሲጄ-2ኤ መጥረጊያ ሞተር ከመስተዋቱ ክፈፍ በላይኛው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ሲጄ-3ኤ ከታች በኩል ነው ያለው። የእርስዎ ጂፕ የትኛው እንደሆነ በዚህ ብቻ እንኳ ለመለየት ይቻላል።

ቫኪዩም ማለት ከውጭው ይልቅ አየር የሳሳበት ቦታ ማለት ነው። ዋግምት ሲታገም ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዐጋሚው ቀንዱን ከቆዳው ላይ ይደፋል፤ በጫፉ ባለው ቀዳዳ አየሩን በአፉ ይስብና ቀዳዳውን በሰም ይደፍነዋል። ቆዳውም ወደ ቀንዱ ውስጥ ያብጣል። ሲያዩት ቀንዱ የሳበው ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ገፊው በዙሪያችን ያለው የአየር ክብደት ነው፤ ቀንዱ ውስጥ የሚመልሰው ስላጣ ወደዚያው ይገፋል። የጂፑም መጥረጊያ የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ፒስተኖቹ ወደ ታች በወረዱ ቍጥር እንደ ዐጋሚው አፍ ይስባሉ። በካርቡራተሩ ውስጥ በእግር መርገጫው የሚከፈትና የሚዘጋ ክብ ክዳን አለ። እግርዎን ከመርገጫው ሲያነሡ ክዳኑ ሊዘጋ ጥቂት ይቀረዋል፤ ፒስተኖቹ ግን መሳባቸውን አያቆሙም፤ ስለዚህ በክዳኑና በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው አየር እጅግ ይሳሳል። መርገጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ክዳኑ ይከፈታል፤ አየር እንደ ልቡ ይገባል፤ ቫኪዩሙም ይጠፋል።

የመጥረጊያው ሞተር ራሱ ቀላል ነገር ነው። በግማሽ ክብ ቅርጽ የተሠራ ትንሽ የብረት ሣጥን አለ፤ በውስጡም ዳር ዳሩ በቆዳ የተለበጠ መቅዘፊያ በአንድ ዘንግ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በመቅዘፊያው በአንደኛው ወገን ያለውን አየር የመኪናው ሞተር ይስበዋል፤ በሌላው ወገን የውጭ አየር ገብቶ መቅዘፊያውን ይገፋል። መቅዘፊያው ከዳር ሲደርስ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ትገለበጥና መሳቢያውን ወደ ማዶ ታዛውራለች፤ መቅዘፊያው ይመለሳል። ከዘንጉ ጋር የታሰረው የመጥረጊያ ክንድም አብሮ ይሄዳል። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ሽቦም የለውም። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ እነዚህም በቂ ቫኪዩምና የማያፈስ መስመር ናቸው።

አሁን በእኛ ደጋ አገር ወደሚያስቸግረው ነገር እንመጣለን። ጂፑ የተሠራው በአሜሪካ አገር በኦሃዮ፥ በቶሌዶ ከተማ ነው። ቶሌዶ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 200 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በዚያ የአየር ክብደት ሙሉ ሊባል ጥቂት ነው የሚቀረው። የአየር ክብደት በባዜቃ ዐምድ ቁመት ሲለካ በባሕር ዳርቻ 76 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጤነኛ ሞተር መርገጫው ሳይነካ ቀስ ብሎ ሲዞር ከዚህ ውስጥ ከ45 እስከ 53 ሳንቲ ሜትር የሚያህለውን ይስባል። በ2,400 ሜትር ከፍታ፥ ማለት በአዲስ አበባ አካባቢ፥ የአየሩ ክብደት 57 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ ምንም ጤነኛ ቢሆን የጎደለውን 19 ሳንቲ ሜትር ከየትም አያመጣውም፤ ስለዚህ የሚያገኘው ቫኪዩም ከ26 እስከ 34 ይደርሳል። በጉልበት ሲቈጠር፥ 48 ሳንቲ ሜትር ቫኪዩም በመቅዘፊያው በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 650 ግራም ያህል ይገፋል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ግን 400 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ጣርማ በር፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ከዚህም ይቀንሳል።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ በሑመራ ቆላ ያለ ችግር ይሠራ የነበረ መጥረጊያ ወደ ደጋ ሲመጣ ቢደክም መካኒኩ ሞተሩን ፈትቶ ፒስተን እንዲለውጥ አይፍቀዱለት። በደብረ ብርሃን 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር የሚያሳይ ቫኪዩም መለኪያ የሞተርን ሕመም አያመለክትም፤ የአገሩን ከፍታ ነው የሚናገረው። ሁለተኛው፥ በቶሌዶ ጥቂት ቢያፈስም ሥራውን የሚሠራ መስመር እዚህ አይበቃም። ከጎደለው ላይ የሚፈስ ትርፍ የለንም። ከዚህ በታች ስለ ማሰሪያና ስለ ቱቦ አጥብቄ የምናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው የሚጀመረው ቫኪዩሙን ከየት እንደሚወስዱ በመወሰን ነው። ትክክለኛው ቦታ አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ማኒፎልድ ነው። በዊሊስ ቀደምት ሞተር የመሳቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ጎን ለጎን ተያይዘው ስለ ተቀመጡ ጀማሪ ሰው ያሳስታቸዋል፤ ከካርቡራተሩ ጋር የተያያዘው ነው የሚፈለገው። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ሲጄ-3ቢ ሌላ ዓይነት ሞተር ስላለው ካርቡራተሩ ከላይ በቴስታታው ላይ ተቀምጧል። ያም ሆነ ይህ መውሰጃው ከካርቡራተሩ ክብ ክዳን ወዲህ፥ ማለት በክዳኑና በሲሊንደሮቹ መካከል መሆን አለበት። ከክዳኑ ወዲያ የተወሰደ መስመር ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ምንም አይስብም።

በማኒፎልዱ ላይ ብዙውን ጊዜ በብሎን የተደፈነ ጥርስ ያለው ቀዳዳ ይገኛል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ዙሪያውን በብሩሽ ጠርገው ብሎኑን ይፍቱ፤ በቦታውም የቱቦ አፍ ያለውን መጋጠሚያ ያስገቡ። ማኒፎልዱ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ከመጠን በላይ ቢያጠብቁት ይሰነጠቃል። የቧንቧ ቴፕ የሚጠቀሙ እንደሆነ የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶውን ይተዉት፤ የተቈረጠ ቴፕ በሞተሩ ይሳባልና። የተዘጋጀ ቀዳዳ ከሌለ ማኒፎልዱን ሳያወርዱ በመሰርሰሪያ አይብሱ። የብረቱ ፍቅፋቂ ወደ ሲሊንደር ወርዶ የሚያደርሰው ጉዳት ከመጥረጊያው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ደግሞም ከሞተሩ የዘይት ትነት መውጫ መስመር ላይ ቀጥለው አይውሰዱ፤ የዘይቱ ጭቃ የመጥረጊያውን ቫልቭ ይለጥፈዋል።

ከማኒፎልዱ እስከ ፊት መስተዋቱ ሥር ያለውን መንገድ በቀጭን የመዳብ ወይም የብረት ቱቦ ይሂዱበት። ቱቦው ያለ ማቋረጥ ሽቅብ እየወጣ ቢሄድ መልካም ነው፤ የረጋ ቤንዚን ቢኖር ወደ ማኒፎልዱ ተመልሶ ይወርዳል እንጂ በመካከል አይተኛም። ከጭስ ማውጫው አርቀው በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ከአካሉ ጋር ይሰሩት፤ ካልታሰረ በመንገዱ ንዝረት ይቈረጣል።

የጂፑ መስተዋት ወደ ኮፋኖው የሚተኛ ስለሆነ ከታጠፊያው ጀምሮ ያለው መስመር የጎማ ቱቦ መሆን አለበት። ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የቱቦው ውስጣዊ ስፋት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፥ ግድግዳውም ወፍራም ይሁን። ከሐኪም ቤት የተገኘ የግሉኮስ ቱቦ ወይም ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቈረጠ ስስ ጎማ አንዳንዶች ያስገባሉ፤ ይህ ሞተሩ ሲነሣ እንደ ጠጅ ሳር ተጨፍልቆ ይዘጋል፤ የሞተሩ ሙቀት ሲነካውም ይለሰልሳል። ቱቦውን በሁለት ጣትዎ ሲጫኑት እምቢ የሚል መሆን አለበት። ሲቈርጡትም መስተዋቱን አስተኝተው ይለኩት፤ ቆሞ የተለካ ቱቦ መስተዋቱ ሲተኛ ይነቀላል፤ በጣም የረዘመ ደግሞ ታጥፎ ራሱን ያንቃል። ሁለቱንም ጫፍ በትንሽ ማሰሪያ ያጥብቁ።

መስመሩ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። ሞተሩን አስነሥተው በዝግታ ይዙር፤ ከመጥረጊያው ዘንድ ያለውን የቱቦ ጫፍ ነቅለው በአውራ ጣትዎ ይድፈኑት። ጣትዎን አጥብቆ ከያዘው መስመሩ መልካም ነው። ላላ ብሎ ከያዘው ከማኒፎልዱ ጀምረው እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጥቂት የሞተር ዘይት ይንኩት፤ ዘይቱ ቀዳዳውን በደፈነበት ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጩ መፈለግ ግን ቤትና ንብረት የሚያቃጥል ሥራ ነው፤ ማንም ቢመክርዎ አይቀበሉ። የቱቦውን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነክሮ መሞከርም እንደዚሁ አይገባም። 27 ሳንቲ ሜትር ባዜቃ የሚያህል ቫኪዩም ውኃን ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ሽቅብ ያነሣል፤ ስለዚህ ጣሳው ውስጥ ያለው ውኃ በአፍታ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፤ ፒስተን ደግሞ ውኃን ማመቅ ስለማይችል ዘንጉ ይጣመማል።

የሚያፈስ መስመር ክፋቱ መጥረጊያውን ማድከሙ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጻፈ ነበር። በቀዳዳው የሚገባው አየር በካርቡራተሩ ያላለፈ ስለሆነ ቤንዚን አልያዘም። ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩ በሚኒሞ መርጋት ያቅተዋል፤ ጭነት ይዞ ሲወጣ የጭስ ቫልቮቹ ከልክ በላይ ግለው ይቃጠላሉ። የትንሽ ማሰሪያ ነገር ተብሎ የተናቀ ቀዳዳ ቴስታታ የሚያስወርድ ሥራ ያመጣል። መጥረጊያውን ጨርሰው የነቀሉት እንደሆነም በማኒፎልዱ ላይ የቀረውን አፍ በብሎን ይድፈኑ፤ በእንጨት ውታፍ ወይም በጨርቅ አይሆንም።

መስመሩ መልካም ሆኖ መጥረጊያው ቢሰንፍ ችግሩ በትንሿ ሣጥን ውስጥ ነው። ክንዱን ከዘንጉ አውጥተው ሞተሩን ያስነሡ። ዘንጉ ያለ ክንድ በብርታት ከተወዛወዘ ጥፋተኛው የክንዱ መጫኛ ወይም የደረቀው የጎማ ምላጭ ነው። ያለ ክንድም ከሰነፈ የመቅዘፊያው ቆዳ ደርቆ አየር እያሳለፈ ነው ማለት ነው። ለዓመታት የቆመ መኪና ሁሉ ይህ ያገኘዋል። ቱቦውን ነቅለው በአፉ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ያግቡበት፤ ዘንጉን በእጅዎ ወዲያና ወዲህ ሃያ ጊዜ ያህል ካመላለሱ በኋላ እንዲጠጣ አንድ ሌሊት ይተዉት። ቅቤ ለቀንበር ጠፍርና ለአለንጋ መልካም ቢሆንም እዚህ ቦታ የለውም፤ በደጋ ብርድ ይረጋል፤ አቧራም ይሰበስባል። ግራሶም እንደዚሁ። በቤንዚን ማጠብ ደግሞ በቆዳው ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ወዝ ያወጣታል።

አቧራን ካነሣን፥ መጥረጊያው የውጭ አየር የሚያስገባበት ትንሽ ቀዳዳ እንዳለው አይርሱ። በዚያ የገባ አቧራ መጀመሪያ ቆዳውን፥ ቀጥሎም ሲሊንደሩን ይበላል። በቀዳዳው ላይ ማጣሪያ ካለ በየወሩ ያራግፉት። በበጋ መጥረጊያውን በደረቅ መስተዋት ላይ አያስነሡ፤ መስተዋቱንም ይፍቃል። ሲዘጋም በእርግጥ መዘጋቱን ይመርምሩ፤ መጥረጊያው ተዘግቶ ሳለ የጎማውን ቱቦ በፒንሳ ቀስ ብለው ሲይዙት የሞተሩ ዙር ከተለወጠ የመዝጊያው ቫልቭ እያሳለፈ ነው።

በኋላ በተሠሩ አንዳንድ ጂፖች ላይ የቤንዚኑ ፓምፕ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ቤንዚን ይስባል፤ ሌላው ለመጥረጊያው ቫኪዩም ይጨምራል። ይህ ለዳገት አገር የተመረጠ ዕቃ ነው፤ መርገጫው ተረግጦ የማኒፎልዱ ሳቢነት ሲጠፋ ፓምፑ ይተካዋልና። እንዲህ ያለ ፓምፕ ካለዎት ከሁለቱ የቫኪዩም አፎች አንዱ ወደ ማኒፎልዱ፥ አንዱ ወደ መጥረጊያው ነው የሚሄደው፤ አለዋውጠው አይግጠሙ። ጂፑ በድንገት ሰማያዊ ጭስ መጣል ቢጀምርና ዘይቱ ቢጐድል ስለ ፒስተን ቀለበት ከማሰብ በፊት የፓምፑን ቱቦ ከማኒፎልዱ ነቅለው ይመልከቱ። ውስጡ በዘይት ከራሰ የፓምፑ ስስ ጎማ ተቀዷል፤ ሞተሩም የገዛ ዘይቱን በዚያ እየጠጣ ነው። ቱቦውን ነቅለው የማኒፎልዱን አፍ ቢደፍኑ ጭሱ ይቆማል፤ ቀጥሎም ፓምፑ መታደስ አለበት።

ይህ ፓምፕ የሌለው ሰው አንድ ትንሽ በርሚል መሳይ የቫኪዩም መያዣና ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭ በመስመሩ መካከል ማስገባት ይችላል። መያዣው ሜዳ ላይ ይሳባል፤ ዳገት ላይ ቫልቫዋ ትዘጋና የተጠራቀመው ለጥቂት ምላስ ይበቃል። ግን ከወፍራም ላሜራ በጥሩ በያጅ የተሠራ ይሁን። የዘይት ቆርቆሮ በአየሩ ክብደት ብቻ ይጨማደዳል።

ሁሉም መልካም ቢሆን እንኳ አነዳዱን ማወቅ ያሻል። ዳገት ላይ መርገጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ቫኪዩሙ ወደ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ መጥረጊያውም ይቆማል። ማርሹን አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ፤ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ በግማሽ መርገጫ ሲወጣ ክዳኑ ጥቂት ይዘጋል፤ መጥረጊያውም ይመለሳል። ይህ ካልበቃ በየመቶ እርምጃው እግርዎን ለአፍታ አንሥተው መስተዋቱን ያስጠርጉ። ቁልቁለት ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እግር ተነሥቶ በማርሽ ሲወርዱ ቫኪዩሙ ከሁሉ ይበረታል፤ መጥረጊያውም እንደ ዕብድ ይሮጣል። ቤንዚን ለመቈጠብ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁል የሚለቅ አሽከርካሪ ግን የሞተሩን ጉተታም መጥረጊያውንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ዝናብና ጉም ባለበት ገደል አፋፍ ይህን የሚያደርግ ሰው የማኅበር መኪና ሊሰጠው አይገባም።

በአንዱ ሞተር ሁለቱንም ክንድ በዘንግ አያይዞ ለማስኬድ የሚፈልጉ አሉ። በቆላ ይሠራ ይሆናል፤ በደጋ ግን 400 ግራሙን ለሁለት መክፈል ነውና አልመክርም። የተሳፋሪው ወገን በእጅ የሚገፋ ሆኖ ይቅር፤ ከፊት የሚቀመጠው የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ እጅ አለው። በአሽከርካሪውም በኩል የእጅ ማንቀሳቀሻ ካለ አይንቀሉት።

በሳምንት ብዙ ጊዜ ሰው ጭኖ ተራራ የሚያቋርጥ ጂፕ ከሆነ ግን ገንዘቡን አሰባስቦ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ማስገባት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። የአሮጌው ጂፕ ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ 6 ቮልት ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት ባትሪውን ይዩ፤ በገበያ የሚገኘው የ12 ቮልት ሞተር በ6 ቮልት ላይ በግድ ይንፏቀቃል። ኤሌክትሪኩ ወደ 12 የተለወጠ ጂፕ ይህ ችግር የለበትም። የቫኪዩሙን አፍ መድፈን በዚህም ጊዜ አይቀርም።

የጎማው ምላጭ በየክረምቱ መጀመሪያ መለወጥ አለበት፤ በፀሐይ የደረቀ ምላጭ ውኃውን ይቀባዋል እንጂ አይጠርገውም። በመንገድ ላይ ምላጭ የጠፋበት አሽከርካሪ መስተዋቱን በተቈረጠ ጥሬ ድንች ያሸዋል፤ ውኃው ጠብታ መሥራቱን ትቶ እንደ ስስ ሽፋን ስለሚወርድ ለጥቂት ደቂቃ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ማሸት ነው። ጂፑ በበጋ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ክንዱን ከመስተዋቱ አንሥተው ከሥሩ ትንሽ እንጨት ያግቡበት፤ ምላጩ ተጣብቆ ቅርጹን አይለውጥም።